የሂሉክስ በር ሲወርድ፦ ከማጠፊያው ተጀምሮ በተቀባዩ ብረት የሚጨረስ ሥራ

ጥያቄው፦ «የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሂሉክስ ደብል ጋቢና አለኝ። የሾፌሩ በር በእጅ ካልተነሳ አይዘጋም። የታችኛው ጠርዝ ዝጎ ተበስቷል፤ መስታወቱም በሩ ውስጥ ወድቋል። አንድ ጋራዥ ምሰሶው ላይ ያለውን የመቆለፊያ ብረት ዝቅ እናድርግልህ አለኝ። ሌላው ማጠፊያውን በብየዳ እንሙላው አለ። ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ያገለገለ በር አይቻለሁ። በሩን ልቀይር ወይስ ላስጠግን? ብቀይር ምን ምን ልግዛ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

በሩን ይቀይሩ። ማጠፊያዎቹን ግን ለብቻቸው አዲስ ይግዙ፤ ካገለገለው በር ጋር ተያይዘው የሚመጡትን አይመኑ። ሁለቱ ጋራዦች የሰጡዎትን ሐሳብ ደግሞ ሁለቱንም ይተዉት።

ከበሩ በስተኋላ ባለው ምሰሶ ላይ ያለው፣ መቆለፊያው የሚነክሰው ብረት (ከዚህ በኋላ ተቀባዩ ብረት እለዋለሁ) ሥራው የተዘጋን በር መያዝ ብቻ ነው። የበሩን ክብደት የሚሸከሙት ማጠፊያዎቹ ናቸው። ብረቱ ዝቅ ሲደረግ በሩ ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋል፤ የተበላው ማጠፊያ ግን መበላቱን ይቀጥላል። በሩ እንደገና ሲወርድ ብረቱ የሚወርድበት ቦታ አይኖርም። በዚህ መሐል መቆለፊያው በተዘጋ ቁጥር እየተጋጨ ይላላል፣ የበሩ ጎማም በአንድ በኩል ተጨፍልቆ በሌላ በኩል ክፍት ይሆናል፤ ውሃና የፒስታ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ይለዩ። በሩን እስከ ግማሽ ይክፈቱና ከኋለኛው የታች ጠርዝ ይዘው በሁለት እጅ ወደ ላይ ያንሱ፣ መልሰው ይልቀቁ። ሌላ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ማጠፊያዎቹን ይመልከት። ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማጠፊያው ተበልቷል። ፒኑ ጸጥ ብሎ ማጠፊያው ከነብሎኑ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል። ሁለቱም ጸጥ ብለው ማጠፊያዎቹ የታሰሩበት የፊት ምሰሶ ላሜራ ሲተነፍስ ካዩ ምሰሶው ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ በሦስተኛው ሁኔታ አዲስ በርም አዲስ ማጠፊያም ገንዘብ መጣል ነው፣ መጀመሪያ ምሰሶው መሠራት አለበት። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከቀለሙ በታች ከማጠፊያው ጫፍ ይጀምርና እንደ ፀጉር ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አንስተው ይመልከቱ።

ፒን ላይ ያለች ትንሽ ክፍተት ለምን ያን ያህል እንደምታወርድ ማወቅ ይጠቅማል። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ የበሩ ርዝመት ደግሞ 1 ሜትር ቢሆን፣ ላይኛው ፒን ላይ ያለ የ1 ሚሊ ሜትር ልቅነት የኋለኛውን ጠርዝ 2.5 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። ታችኛውም እንደዚሁ ከተበላ 5 ሚሊ ደረሰ፤ በሩ ካልተነሳ የማይዘጋው በዚህ ነው። የበሩ ክብደት ላይኛውን ማጠፊያ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ታችኛውን ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ በወረደ በር ላይ በበሩና በፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ባለው ላሜራ) መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ያገኙታል። ወደ ጋቢናው ሲገቡ በበሩ መደገፍ ደግሞ የሰውን ክብደት ይጨምርበታል፤ የሾፌሩ በር ከሌሎቹ ቀድሞ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ማጠፊያን በብየዳ መሙላት የማይመከርበት ምክንያት ቀላል ነው። የተበላው ቀዳዳ ከክብነት ወጥቶ እንቁላል ቅርጽ ይዟል። ብየዳ ሲሞላበት ቀዳዳው ይጠባል እንጂ ክብ አይሆንም፤ ሙቀቱም ብረቱን ያጣምመዋል። ከዚያ ላይኛውና ታችኛው ፒን በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸው ይቀራል፣ በሩም ሲከፈት ራሱን ይወጥራል። አዲስ ማጠፊያ ከጠፋ ትክክለኛው አማራጭ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ነው፦ ቀዳዳው ክብ እስኪሆን ይሰፋል፣ የናስ ቡሽንግ (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚያለብስ ቀለበት) ተጠቅጥቆ ይገባበታል፣ ለቡሽንጉም ልኩ የሆነ ፒን ከጠንካራ ብረት ይቆረጣል። ለቶርኖ ሠራተኛው ይህን ይንገሩት፦ ቡሽንጉ በቀዳዳው ውስጥ በግድ የሚገባ፣ ፒኑ ግን በቡሽንጉ ውስጥ በእጅ የሚዞርና የማይወዛወዝ ይሁን፤ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከተራ የአርማታ ብረት የተቆረጠ ፒን ቶሎ ይበላል።

አሁን ወደ በሩ። የታችኛው ጠርዝ ዝጎ ከተበሳ የውጭው ላሜራ በውስጠኛው ላይ የሚታጠፍበት ስፌት አልቋል። የውጭውን ብቻ በቁራጭ ላሜራ ሸፍኖ ስቱኮ መቀባት ይቻላል፤ ዝገቱ ግን ከስፌቱ ውስጥ ስለሆነ ከአንድ ክረምት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። የውስጡ ላሜራ ጤነኛ ሆኖ ውጭው ብቻ ቢዝግ ኖሮ ጥገናውን እመክር ነበር፣ የመጀመሪያው በር ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር የተሻለ ይስማማልና። የእርስዎ ግን ማጠፊያውም መስታወቱም ስፌቱም አንድ ላይ ሄደዋል።

ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ሜትርና ትንሽ ማግኔት ይያዙ። የነጠላ ጋቢና በርና የደብል ጋቢና የፊት በር አንድ አይደለም፤ የደብሉ አጭር ነው። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ የበሩን የታች ርዝመትና የመስታወት ፍሬሙን ቁመት ከእርስዎ በር ለክተው ይሂዱ። ከፊት በኩል ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት ያለው በርና የሌለው በር ዋናው መስታወታቸው ይለያያል፤ መስታወቱን ከነበሩ ካልገዙ ይህን ልብ ይበሉ። በእጅ የሚዞርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስታወት ማንሻም በውስጠኛው ላሜራ ላይ ያላቸው ቀዳዳ ይለያያል። ማግኔቱን በበሩ የታች ሩብና በማጠፊያዎቹ ዙሪያ ያንሸራትቱ፤ የማይጣበቅበት ቦታ ስቱኮ ነው። የታችኛውን ስፌት ከውስጥ በኩል በጣት ይዳስሱ፤ ተነፍቶ ከተሰማዎት ዝገት ጀምሯል። ከዚያ በሩን አጋድመው በመስታወት ፍሬሙ አቅጣጫ በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ከግጭት የወጣ በር ፍሬሙ ይጣመማል፣ ከላይ ጥግ ላይም ወደ ውጭ ይፈነገጣል። ቀኝ መሪ ካለው መኪና የወጣ የግራ በር ሊገጥም ይችላል፤ የጎን ማያ መስታወቱ (ስፖኪዮው) ግን የተሠራው ለተሳፋሪ ወገን እይታ ስለሆነ የራስዎን ያዛውሩ።

የሚገዙት ይህ ነው፦ ላይኛውና ታችኛው የግራ ማጠፊያ (ሁለቱ አይተካኩም፣ ሲገዙ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ)፣ የበሩ መክፈቻ ማቆሚያ (በሩ ከልኩ አልፎ እንዳይከፈት የሚይዘው)፣ በበሩ ዙሪያ የሚሄደው ጎማ፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት የፍሬም ጎማ፣ በመስታወቱ ግርጌ የውስጥና የውጭ መጥረጊያ ጎማ፣ የመቆለፊያ ዘንጎቹ የፕላስቲክ መያዣዎች፣ ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ የውስጥ ሽፋን ፕላስቲክ ክሊፖች። መስታወት ማንሻውንና መቆለፊያውን ከመግዛትዎ በፊት ከአሮጌው በር አውጥተው ይመርምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው እጥበት ብቻ ነው። ዕቃ ሻጩ ጋር ሲሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። የሞዴል ዓመት ብቻ ነግሮ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

አሮጌውን በር ከማውረድዎ በፊት እዚያው ተንጠልጥሎ እያለ ይግፈፉት፣ ይቀላልና። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የመስታወት ማዞሪያው እጀታ ብሎን የለውም፤ ከጀርባው በሽቦ ክሊፕ ተይዟል። ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገብተው ግራ ቀኝ እየጎተቱ ሲጠርጉት ክሊፑ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሌላውን እጅ ከላይ ይጋርዱ፣ አለዚያ ክሊፑን ጋቢና ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። ሽፋኑ ሲነሳ ከስሩ ላስቲክ ያገኛሉ። ብዙ ጋራዥ ቀድዶ ይጥለዋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፦ በመስታወቱ ግርጌ የሚገባውን ውሃ ወደ በሩ የታች ቀዳዳዎች የሚመልሰው እሱ ነው። ከሌለ ውሃው ወደ ሽፋኑና ወደ ወለሉ ይሄዳል፣ የጋቢናውም ወለል በተራው ይዝጋል። ከተቀደደ በወፍራም የግንባታ ላስቲክ ልኩን ቆርጠው ይተኩት።

ማጠፊያዎቹ ምሰሶው ላይና በሩ ላይ የተቀመጡበትን ቦታ ዙሪያቸውን በሹል ነገር ጭረው ምልክት ያድርጉ። ብሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚፈታ ዘይት ያጠጡ። የሚይዛቸው የ12 ቁልፍ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንገቱ የታጠፈ ቁልፍ ያስፈልጋል። ካልገባልዎት የፓራፋንጎውን የኋላ ብሎኖች ፈትተው ትንሽ ወደ ውጭ ይሳቡት። ብሎኑ ሳይወጣ ባለበት የሚዞር ከሆነ ምሰሶው ውስጥ ያለችው ዳዶ የያዘች ብረት ከቦታዋ ተላቃለች። በኃይል አይቀጥሉ፤ ከጋቢናው በኩል የምሰሶውን ሽፋን አንስተው ብረቷን በፒንሳ ይያዙ። በሩ ከማጠፊያዎቹ ተፈትቶ ከወረደ በኋላም (አወራረዱ ከታች አለ) በዛገ መኪና ላይ ሁለቱንም ማጠፊያ ከምሰሶው በአንዴ አይፍቱ። መጀመሪያ ላይኛውን በአዲሱ ይተኩ፣ ያጥብቁ፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ይሂዱ። ይህ የምሰሶውን ብረት ወድቆ ከመጥፋት ያድናል፣ ልኩንም ይጠብቃል።

በሩን ለማውረድና ለመስቀል ክሪክ ላይ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አድርገው ከበሩ መሐል ትንሽ ወደ ፊት ይደግፉ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ለብቻ ግን አይሞከርም። የበሩን ማቆሚያ ቀድመው ይፍቱት።

አሁን ዋናው ነገር። አዲሱን በር ሲሰቅሉ ተቀባዩን ብረት ከኋለኛው ምሰሶ ላይ ሙሉ በሙሉ ያውልቁት። ብረቱ በቦታው ካለ በሩ ሲዘጋ መቆለፊያው ላዩ ላይ ይወጣና በሩን ያነሳዋል፣ ክፍተቱም የተስተካከለ ይመስላል። በማግስቱ በሩ ይወርዳል። የዘንድሮ ሥራ ለከርሞ የማይደርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብረቱን የያዙት ብሎኖች መስቀል ራስ ያላቸው ከሆነ በተራ ካቻቢቴ አይነካኳቸው፤ ራሳቸው ይበላል። ቁጥር 3 የጃፓን መስቀል ካቻቢቴ፣ ካልሆነም በመዶሻ እየተመታ የሚዞረውን ይጠቀሙ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ምቶች ይላላሉ።

የደብል ጋቢና በሮች የሚስተካከሉት ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የኋላው በር ከጋቢናው ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ከዚያ የፊቱን በር ከኋላው በር ጋር፣ መጨረሻ ላይ ፓራፋንጎውን ከፊቱ በር ጋር ያስማሙ። ከፊት የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ ማንቀሳቀስ የማይችለው ክፍተት ይቀርበታል። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ያለቁ ከሆነም ጋቢናው ተዛብቶ ስለሚቀመጥ ክፍተቱ ከሥር ይበላሻል፤ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከስር ገብተው ይመልከቱ።

ብሎኖቹን ሁሉ በሩ በእጅ ሲገፋ እንዲንቀሳቀስ፣ ሲለቀቅ ግን እንዲቆም አድርገው ያስይዙ። ምሰሶው ላይ ያሉት ብሎኖች ሲላሉ በሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እንዲሁም ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በሩ ላይ ያሉት ሲላሉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ እንዲሁም ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያላሉ፤ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። የኋለኛው ጠርዝ ከወረደ ላይኛውን ማጠፊያ ምሰሶው ላይ ወደ ፊት ይግፉት። 1 ሚሊ ወደ ፊት መግፋት ከላይ ባለው ስሌት ጠርዙን 2.5 ሚሊ ያነሳል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ። በሩ ዙሪያውን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እኩል ክፍተት እንዲኖረው ያድርጉ። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከሜትር ይልቅ ይሻላል፣ ዙሪያውን እያስገቡ ይፈትሹበታል። ከብሎኖቹ አንገቱ ሾጣጣ የሆነ ካገኙ እሱ ማማከያ ብሎን ነው፤ እሱ እያለ ማጠፊያው አይንቀሳቀስም። በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ተራ ብሎንና በሮንዴላ ይተኩት። ሲጨርሱ የ8 ሚሊ ብሎኖችን 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ያጥብቁ፤ ካጠበቁ በኋላ ክፍተቱን እንደገና ይለኩ፣ በማጥበቅ ጊዜ መንሸራተት የተለመደ ነውና።

በሩ ያለ ተቀባዩ ብረት በትክክል ሲገጥም ብረቱን ይመልሱ። ብሎኖቹን ግማሽ አጥብቀው በሩን ቀስ ብለው ይዝጉ፣ የውጭ እጀታውን እንደያዙ። የመቆለፊያው አፍ ብረቱን መሐሉ ላይ መያዝ አለበት። ብረቱ ላይ ግሪስ ይቀቡና አንዴ ዘግተው ይክፈቱ፤ የተጠረገው ቦታ የት እንደነካ ያሳያል። በሩ ሲዘጋ ከፍ ካለ ብረቱን ዝቅ፣ ዝቅ ካለ ብረቱን ከፍ ያድርጉ፤ ልክ የሆነው በሩ ሲዘጋ ምንም ከፍታ ሳይቀይር ሲቀር ነው። ከዚያ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለውን በወረቀት ይፈትሹ። ጠባብ ወረቀት በጎማውና በጋቢናው መካከል አድርገው ይዝጉ፤ ሲጎተት በትንሹ እየያዘ መውጣት አለበት። በአንዱ ቦታ ልቅ ሆኖ በሌላው የሚቀደድ ከሆነ ችግሩ የፍሬሙ መጣመም ነው። አዲስ ጎማ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩን ጠንከር ያደርገዋል፤ ለዚያ ብለው ብረቱን ወደ ውጭ አያውጡት።

መቆለፊያው ለመዝጋት ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት። በመጀመሪያው ብቻ የሚቆም በር የተዘጋ አይደለም፤ በፒስታ መንገድ ላይ ሊከፈት ይችላል። ከበሩ አውጥተው በነጭ ጋዝ ይጠቡት፣ በአየር ያድርቁት፣ ቀጭን ግሪስ ይቀቡት። የደረቀ አሮጌ ግሪስ ከአቧራ ጋር ሲጠነክር ሞላው መንጋጋውን መመለስ ያቅተዋል፤ «መቆለፊያው ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው ችግሩ ይህ ነው። ከገጠመ በኋላ በሩ ክፍት እያለ መንጋጋውን በካቻቢቴ ገፍተው ሁለቱንም ቀጭታ ይስሙ፣ በውስጥም በውጭም እጀታ ይክፈቱት። ይህን ሳያደርጉ በሩን አይዝጉ፤ ዘንግ ሳይገጠም የተዘጋ በር ሽፋን ሳይሰበር አይከፈትም። የውጭ እጀታው ዘንግ ላይ ትንሽ ልቅነት ይተዉ። ከተወጠረ መንጋጋው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የቁልፉን ሲሊንደር ከአሮጌው በር ያዛውሩ፤ ከውስጥ የያዘው አንድ የብረት ክሊፕ ነው፣ አንድ ቁልፍም ለሁሉም በር ይበቃዎታል።

መስታወቱ የወደቀው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በመስታወቱ ግርጌ ያለው የብረት መያዣ ከመስታወቱ ተላቅቆ ይሆናል፣ ወይም የማንሻው ክንድ ሮለር ተሰብሯል። መያዣው ከሆነ ብረቱን ከዝገት አጽድተው አዲስ ጎማ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያጥፉና በሳሙና ውሃ እየረጠበ በእንጨትና በመዶሻ ቀስ ብለው ያስገቡት። ቦታውን ከደህናው በር ለክተው ይውሰዱ፤ 1 ሳንቲ ሜትር ከተሳሳተ መስታወቱ ሲወጣ ይጋደላል። ማንሻውን የያዙትን የ10 ቁልፍ ብሎኖች መጨረሻ ላይ ያጥብቁ፣ መስታወቱ ሙሉ ወጥቶ ፍሬሙ ውስጥ ራሱን ካስተካከለ በኋላ። የፍሬሙን ጎማ ግሪስ አይቀቡት፤ አቧራ ይዞ መስታወቱን ይጭራል። ሲሊኮን ይርጩበት።

ቀለምን በተመለከተ፦ በሩን ሳይቀቡ አንዴ ሰቅለው ያስማሙ፣ ምልክት አድርገው ያውርዱ፣ ከዚያ ጠርዞቹንና ውስጡን ጨምረው ያስቀቡ። በተለይ ከሌላ ኩባንያ የተሠራ አዲስ በር ከሆነ፣ ከቀለም በኋላ ቀዳዳ ማስፋት ወይም ጠርዝ መምታት ሊመጣ ይችላል። ከቀለም በኋላ በታችኛው ስፌት ውስጥ የሚረጭ ሰም ያስገቡ፤ የታችኞቹን የውሃ ቀዳዳዎች ግን በሽቦ ከፍተው ይተዉ። ለዝገት መከላከያ ብሎ በሩ ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ጎማውን ያሳብጣል፣ አቧራ ይዞም እነዚያኑ ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ምሰሶው ላይ ብየዳ ካስፈለገ የባትሪው ሁለቱም ጫፍ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ አለዚያ ጅረቱ በዲናሞው አልፎ ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል።

ሁሉም ከገጠመ በኋላ ከታች ጀምረው ወደ ላይ እያደረጉ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስሱ፣ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይይ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ስለሚወርድ የሚያፈሰው ቦታ የት እንደሆነ አይለይም። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ የማጠፊያና የተቀባዩን ብረት ብሎኖች አንዴ ያጥብቁ። ማጠፊያዎቹን በየአገልግሎቱ፣ ዘይት ሲቀየር፣ ነጭ ግሪስ ያስቀቡ፤ የሞተር ዘይት ፒኑ ላይ አቧራ ያጣብቃል፣ አቧራውም ብረቱን ይሞርደዋል።

የኋላውን የግራ በርም እግረ መንገድዎን አንስተው ይሞክሩት። እሱም 2 ወይም 3 ሚሊ ወርዶ ከሆነ ማጠፊያውን አሁኑኑ ይቀይሩ፤ የፊቱ በር የሚለካው በእሱ ነው፣ ቆይተው ቢያስተካክሉት የፊቱን እንደ አዲስ መጀመር ሊኖርብዎ ነው።